የምትጠየቀው ልጅ

ሴት ልጁን ወፍራም የበረዶ ኮት ለብሳ፣ ዚፑን እስከ አገጭዋ ዘግታ፣ ብርድ ልብሱን ከሥሯ አንጥፋ ተኝታ ያገኘ አባት ምን ይላል? መንሱር «አጃኢብ ነው!» አለ። ሌላ ምን ይበል። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነው፤ የመስኮቱ ጠርዝ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋግሯል። ቤቱ ግን በማሞቂያ ይነዳል፤ የዘጠኝ ዓመቷ ሰልሰቢል ኮቷ ውስጥ ላብ አጥምቋታል። ትኩሳት መስሎት ግንባሯን ዳሰሰ፤ ትኩሳት የለም። ቀስ ብሎ ዚፑን ሊከፍት ሲሞክር በእንቅልፍ ልቧ እጁን ያዘችው፤ አያያዟ የጭንቅ ነበር።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን «ብርድ ልብስሽ ምን አደረገሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ከላዬ እንዲሆን አልፈልግም» አለችው በእንግሊዝኛ። ሚኒሶታ የተወለደ ልጅ ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአማርኛ ትጠይቀዋለህ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልሃል፤ ሁለታችሁም ተግባብተናል ብላችሁ ትለያያላችሁ።

እናቷ ዘይና፣ ዉድበሪ በሚባል ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ዐሥር ዓይነት ሽማግሌ ከነ ዐሥር ዓይነት አመሉ ስታስተኛ ስለምትውል በቀላሉ አትደነግጥም። «ትምህርት ቤት የሆነ ነገር አይታ ይሆናል። ተዋት፣ ይተዋታል» አለች። መንሱር ግን አልተወውም። ምክንያቱም ከኮቱ በፊት የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ያንን ለዘይና አልነገራትም።

እንግዲህ ይህን ሰው በደንብ እንወቀው። መንሱር ከሰኞ እስከ ዓርብ ፍሪድሊ ውስጥ፣ በሐኪም እጅ ወደ ሰው ልብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ከሚሠራ ፋብሪካ ይውላል። ፀጉሩን በመረብ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ቱቦ በማጉያ መነጽር ይመረምራል፤ እዚያ ስሙ «ማኒ» ነው። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ቅዳሜ ሴንት ፖል፣ ከአክረም ሱቅ ሥር ባለው ምድር ቤት ውስጥ ኡስታዝ መንሱር ነው። ዐሥራ አራት ልጆች ምንጣፍ ላይ ደርድሮ ቁርኣን ያስቀራል። ድምፁ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሲቀራ የሰማው ሁሉ «ይሄ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ እዚህ በረዶ ላይ ምን ይሠራል?» ይላል። ደሴ ውስጥ፣ ገና በሰባት ዓመቱ ከመምህሩ ከሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን እየደጋገመ፣ ሲሸመድደው ቀለሙን አጥቦ ውሃውን እየጠጣ፣ መላውን ኪታብ በልቡ ይዟል። አንድ ፊደል አይስትም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ፊደል ስቶ አያውቅም።

ትርጉሙን ግን አያውቅም። በቃ፣ አያውቅም! ዓረብኛ ማንበብ ሌላ፣ ዓረብኛ መስማት ሌላ። አንዴ በልጅነቱ «ሸኽ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆ የቀመሳት አርጩሜ እስከ ዛሬ ትታወሰዋለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም። እሱም ራሱን አልጠየቀም፤ ሰውም እሱን አልጠየቀውም። እንዲህ እንዲህ እያለ ኡስታዝ ሆነ።

ሰልሰቢል ከተወለደች ጀምሮ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጦ አንዲት ሱራ ይቀራላታል። የዚያችን ሱራ የመጀመሪያ አንቀጽ፣ የመጀመሪያ አያ የሚሏትን፣ ትርጉም ከሰው አፍ ሰምቷል፤ ፀሐይ ስለምትጠቀለልበት ቀን ነው የምትናገረው። ለሱ በቂው ነበር። ፀሐይ ተጠቅልላ ልጅ ስትተኛ፣ ከዚህ የተሻለ እሹሩሩ ከወዴት ይመጣል? አያዎቿ ደግሞ አጫጭር ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁሉ መጨረሻቸው ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ላይ ያርፋሉ፤ ልጅ ጀርባ ላይ ቀስ እያሉ መታ መታ ለማድረግ የተሠሩ ይመስላሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀራላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው አያ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከኮቱ በፊት የሆነው ነገር ይሄ ነው፤ አንድ ምሽት ገና አፉን ሲከፍት ትንሿን መዳፏን ከንፈሩ ላይ ጫነችና «ኖ፣ ባባ» አለች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ደረሰ። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት፣ የረመዷን ሁለተኛው ሳምንት ነው። ለኢድ ሴንት ፖል አንድ አዳራሽ ተይዟል፤ መክፈቻውን የምትቀራው ሰልሰቢል ናት፤ የምትቀራውም ያችኑ ሱራ ነው። አክረም ለደንበኛው ሁሉ አውርቷል። አክረም የሱቁ ባለቤት ነው፤ ምድር ቤቱን ለልጆቹ በነጻ የሰጠ፣ ልቡ የዋህ፣ አፉ ግን በር የሌለው ሰው። ያን ዕለት ልምምዱን ልይ ብሎ ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ሰልሰቢል ተነሥታ ጀመረች። ድምጿ የአባቷ ነው፣ ቀጥኖ። ምንጣፉን የሚጠርጉት፣ ለማይጾሙት ሕፃናት ብስኩት የሚያድሉት እትዬ ዙለይሃ እንኳ የመጥረጊያ ማሽኑን፣ የቫኪዩሙን፣ ገመድ እንደያዙ ቆሙ። ልጅቷ ሰባተኛውን አያ ጨረሰች። ስምንተኛው ላይ ዝም አለች።

መንሱር ረሳች ብሎ የመጀመሪያዋን ቃል አቀበላት። ዝም። ደገመላት። አሁንም ዝም።

«አልረሳሁትም» አለች በእንግሊዝኛ። «አልፈልገውም።»

አንዱ ልጅ ሳቀ። አክረም ከደረጃው ላይ «ወይ ጉድ! አልፈልግም ይባላል እንዴ? ይሄ ምሳ ነው?» አለ። መንሱር ጆሮ ግንዱ ድረስ ጋለ። «ተቀመጪ» አላት፤ የቀረውን ሰዓት ፊቷን ሳያይ ሌሎቹን አስቀራ።

ወደ ቤት ሲመለሱ በረዶው መንገዱ ላይ እንደ ዱቄት ይቦናል። ቀስ ብሎ ይነዳል። የጾም ሰዓት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ሰው ነፍሱ ትቀላለች፤ ለመንሱር ዛፉም፣ ሰማዩም፣ ሐይቁም አንድ ነጭ ነገር ሆነው መኪናዋ መሬት ሳትነካ የምትሄድ መሰለው። ሐይቁ ላይ፣ በረዶ ሆኖ ከጠነከረው ውሃ መሐል፣ ዓሣ አጥማጆች ትንንሽ ጎጆ ሠርተው ቁጭ ብለዋል። ከላይ ሲያዩት የሞተ ከሚመስል ነገር ሥር በሕይወት ያለውን ይጠብቃሉ።

«ባባ፣ ምን ማለት ነው?» አለች ሰልሰቢል።

«ምኑ?»

«የምታስቀራን።»

አፉ ሳያስፈቅደው የሸኹን መልስ መለሰ። «አንቺ ቅሪ እንጂ። ትርጉሙ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

ትንሽ አሰበችና «ላንተ መጣልህ?» አለችው።

መሪውን አጥብቆ ያዘ። ከኮቷ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አግኝታ በእርሳስ ገልብጣዋለች፤ ለኢድ ማሳመሪያ ይሆነኛል ብላ፣ ባባን ደስ ላሰኘው ብላ። ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችለት። በዚያ ቀን፣ ከነሕይወቷ አፈር የተጫነባት ሕፃን ልጅ ትጠየቃለች ይላል። በምን ጥፋቷ እንደ ተገደለች ትጠየቃለች።

መንሱር እንግሊዝኛው ለመሥሪያ ቤት ያህል ነው፤ ይሄን ግን ሳይገባው አልቀረም። መኪናውን ከሐይቁ ዳር አቆመ። መጥረጊያዎቹ ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

ሰውዬው እዚህ ላይ «አላውቅም» ብሎ ቢገላገል ምን ነበረበት! አንዲት ቃል ናት። ግን አርባ ዓመቱ፣ ምንጣፉ ላይ የሚጠብቁት ዐሥራ አራት ልጆች፣ ኡስታዝ የሚለው ስም፣ የደሴው ሰሌዳ፣ ሁሉም ባንዴ መጡበት። ድምፁን አወፈረና «አውቃለሁ እንጂ! እንዴት አላውቅም?» አለ።

ሰልሰቢል ዞር ብላ አየችው። ያን አስተያየት መንሱር ሲሞትም አይረሳው።

«እያወቅህ ነው የምትቀራልኝ?» አለች። «ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ እያለበስከኝ?»

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኮቱ ያን ጊዜ ገባው። ከላዬ እንዲሆን አልፈልግም ያለችው ገባው። የገዛ ልጁ ከሱ ድምፅ ሥር ስትተኛ እንደምትቀበር ተሰምቷት ኖሯል። የዋሸ አፍ ግን ቶሎ አይታዘዝም፤ መኪናውን አስነሥቶ ነዳ።

ከዚያ የመጡት ቀናት ጭጋግ ነበሩ። ሰልሰቢል እስከ ቀትር ድረስ ትጾማት የነበረችውን ጾም ተወች። አባቷ መስገጃ ሲያነጥፍ አጠገቡ የምታነጥፈው ትንሿ መስገጃ ተጠቅልላ ከሶፋው ኋላ ገባች። አላኮረፈችም፣ አልጮኸችም፤ ማኩረፍማ ጥሩ ነበር። «እሺ» ትለዋለች፣ «ኖ» ትለዋለች፣ እንደ እንግዳ ሰው። ማታ ኮቷን ለብሳ ትተኛለች። ትምህርት ቤት በረዶ ቆፍረው ዋሻ ሲሠሩ እሷ ብቻ ዳር ቆማ እንደምታይ አስተማሪዋ በወረቀት ጽፋ ላከች። መንሱር ወረቀቱን ሦስቴ አነበበው።

ፋብሪካው ውስጥ ለምሳ በሚሰጠው ግማሽ ሰዓት፣ የሚበላ ስለሌለው፣ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ይከድናል። አንድ ቀን ሸለብ አደረገው። ደሴ ነው፤ የሸኹ ቤት ነው፤ ግን በረዶ እየጣለ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ያለ ድምፅ። ደረሶቹ፣ የሸኹ ተማሪዎች፣ ሰሌዳቸውን ታቅፈው እየተወዛወዙ ይቀራሉ፤ በረዶው ትከሻቸው ላይ ይከመራል፤ ማንም አያራግፍም። መንሱር ቀለም ያጠበበትን ውሃ በቅል ይዟል። ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ጥማቱ አይቆርጥም። ጣዕሙን ሊያውቅ ምላሱ ላይ ሊያቆየው ይሞክራል፤ ውሃው ግን ሳይቆይ ይወርዳል። ከበረዶው ውስጥ አንዲት ትንሽ መዳፍ ወጥታ ቀሚሱን ያዘችው። አላስፈራችውም። የምትለው ነገር እንዳላት ያስታውቃል። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሊሰጣት ሲል ደረሶቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከነሱም ሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ራሱ ነበር። የሥራ ደወል ቀሰቀሰው። ጉንጩ ርሶ አገኘው፤ ፈጥኖ በመረቡ ጠረገው።

ያን ምሽት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ጠለቀች፤ በተምር ገደፉ። ሰልሰቢል ሾርባዋን ይዛ ክፍሏ ገባች። ዘይና በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና «ዋሽተሃታል አይደል?» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንተ ስትዋሽ ድምፅህ ይወፍራል። ያን ቀን ከመኪናው ስትወርድ ‹አሰላሙ ዐለይኩም› ያልከኝ በወፍራም ድምፅ ነው።»

ሁሉንም ነገራት። የነገሩን መጀመሪያ፣ መዳፏን ከንፈሩ ላይ ያደረገችበትን ምሽት ሳይቀር ነገራት። ሲጨርስ «ልጄን በገዛ አፌ አጣኋት ዘይና» አለ፤ አለቀሰም። ዘይና አላባበለችውም፤ እሱም ማባበሏን አልጠበቀም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም?» አለችው። «አንተ ጠመጠምክ፣ እኔም ባሌ ጠመጠመ ብዬ ኮራሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። አሁን ሂድና ጠይቅ።»

«ማንን?»

«የሚያውቅ ሰው ነዋ።»

«ኡስታዙ ሊጠይቅ መጣ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ! ልጅህ ምንም ከምትልህ እነሱ ብዙ ቢሉህ አይሻልም?»

ማንን እንደሚጠይቅ ሲያስብ ቀኖቹ አለፉ፤ ቅዳሜም መጣ። ሰልሰቢልን እናቷ በአውቶቡስ እንደምታመጣት ተነጋግረው እሱ ከሁሉም ቀድሞ ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ ቫኪዩሙ ያጓራል። እትዬ ዙለይሃ ብቻቸውን ናቸው። ወሎ ውስጥ የቃሉ አውራጃ ሰው ናቸው። ሳምንቱን የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡና ሲያጥፉ ይውላሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ መጥተው ይጠርጋሉ። መንሱር አምስት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ሌላ ያወራቸው ነገር ቢኖር «እትዬ፣ ያቺን ጥግ አይርሷት» ነው።

ከማሽኑ ድምፅ ሥር ይቀሩ ነበር። ጆሮውን አላመነም። ያችኑ ሱራ ነው፤ ባለፈው ሰልሰቢል ያቋረጠቻትን። ስምንተኛው አያ ላይ ሲደርሱ ቫኪዩሙን አጠፉ። ዘጠነኛውን በጸጥታው ውስጥ ቀሩት። ከዚያ ቆሙ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳያወጡ ትንሽ ቆዩ። መልሰው ማሽኑን አበሩና ቀጠሉ።

«እትዬ» አለ መንሱር ከደረጃው። «እዚያ ላይ ለምን ቆሙ?»

ደነገጡ። «ውይ፣ ኡስታዝ! ምነው በሰላም?»

«ለምን ቆሙ? ይንገሩኝ። አላውቅም።»

አላውቅም አለ። ስትወጣ ያን ያህልም አልከበደችም። እሳቸውም እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠሯትም፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና እሱም እንዲቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙት።

«አባቴ ተፍሲር ያስቀሩ ነበር» አሉት። «ደረሶቹ ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ። እኔ ገብስ አበጥራለሁ፣ እሳቸው ትርጉም ያበጥራሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሰማሁ። እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አባቴ ዝም ይላሉ። ‹ጥያቄው ተጠይቋል፣ መልሱ አልተጻፈም› ይላሉ። ‹የሰማ ሁሉ በልቡ ይመልስ። ሳትመልሱ አትለፉ።› ከዚያ ወንፊቴን አስቀምጬ እኔም እመልሳለሁ።»

«ምን ብለው ነው የሚመልሱ?»

«እሱማ በኔና በአላህ መካከል ነው» ብለው ሳቁ።

«ይሄን ሁሉ ሲያውቁ አምስት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉን?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲያው እውነቱን ነው የተናገሩት። መንሱር አቀረቀረ። ምንጣፉን አየው፤ ንጹሕ ነበር።

ልጆቹ መጡ። አክረምም የኢዱ ነገር አሳስቦት ወረደ። ሰልሰቢል ከእናቷ ጋር መጨረሻ ገባችና ከኋላ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። መንሱር እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«ልጆች» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር። «የማስቀራችሁን ትርጉሙን አላውቀውም። እንዲህ በሉ አልኳችሁ፣ አላችሁ። እኔም እንዲህ በል ተብዬ ነው ያልኩት። ልጄ ጠየቀችኝና አውቃለሁ አልኳት። ዋሸኋት። አላውቅም ነበር።»

«ኡስታዝ!» አለ አክረም። «በልጆች ፊት እንዲህ ይባላል እንዴ?»

«የዋሸሁት ለልጅ ነው አክረም። ታዲያ በማን ፊት ልበለው?»

በር የሌለው የአክረም አፍ ያን ዕለት በር አገኘ። መንሱር ወንበሩን ለእትዬ ዙለይሃ ለቀቀና ከልጆቹ መሐል፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው «ኧረ ተው፣ እኔ ምን አውቄ» ብለው ትንሽ ተግደረደሩ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ወንበሩ ልካቸው ነበር።

«ጥንት» አሉ፣ «ነቢዩ ሳይላኩ በፊት፣ ሴት ልጅ ስትወለድባቸው የሚያፍሩ ሰዎች ነበሩ። ከነሕይወቷ ይቀብሯት ነበር። ማንም አይጠይቃቸውም። ንብረቴ ናት ይላሉ፣ ያበቃል። ይሄ ሱራ የመጣው በነዚያ ሰዎች ጆሮ ላይ ነው።» ዘይና ለትንንሾቹ በእንግሊዝኛ ትተረጉማለች።

ከኋላ ድምፅ ተሰማ። «ለምን እሷ ትጠየቃለች?» አለች ሰልሰቢል፤ ተቆጥታለች። «ለምን የገደላት ሰው አይጠየቅም?»

ዘይና ተረጎመችላቸው። እትዬ ዙለይሃ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ነይ ወዲህ» አሏት፤ ግን ሳትመጣ ጀመሩላት። «የገደላት ሰውዬማ ሲናገር ኖሯል ልጄ። ዕድሜውን ሙሉ ተናግሮ ዕድሜውን ሙሉ ተሰምቷል። ያን ቀን አላህ ዞር ብሎም አያየው። የሚጠይቀው እሷን ነው። አፍ ሳትፈታ አፏ በአፈር የተሞላባትን። እስቲ የሚቀድመውን ተመልከቺ። እኔ አንሶላ እንደማጥፈው ፀሐይን ይጠቀልላታል። ኮከቦቹ ይረግፋሉ። ተራሮቹ ይነሣሉ። ባሕሩ ይፈላል። እኔ እንጃ፣ ሸኽ አይደለሁም፤ ለኔ የሚመስለኝ ግን ዓለሙን ሁሉ ዝም የሚያሰኘው ለሷ ነው። ድምጿ ትንሽ ናታ! እንዲሰማ ነው።»

ዘይና ቃል በቃል ተረጎመችው። ሦስት ሴቶች ልጆች ያሉት አክረም ደረጃው ላይ ጫማውን ያያል። ሰልሰቢል ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ግን የኮቷን ዚፕ እስከ ደረቷ ድረስ ዝቅ አደረገችው፤ መንሱር አየ።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ከኋላ ሆና «እና አታውቅም ነበር» አለችው።

«አላውቅም ነበር።»

«አርባ ዓመት?»

«አርባ ዓመት።»

«በጣም ብዙ ነው ባባ» አለች በሐዘኔታ። ዘይና ሳቋን ለመደበቅ ስካርፏን አፏ ላይ አደረገች። ሐይቁን ሲያልፉ ሰልሰቢል መስኮቱን በእጇ ጠርጋ ጎጆዎቹን ቆጠረች፤ ከሰዎቹ አንዱ ዓሣ ሲያወጣ አየች፤ ዓሣው በረዶው ላይ ያብረቀርቅ ነበር።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መንሱር በሯን አንኳኳ። ከዚህ በፊት አንኳኩቶ አያውቅም። ኮቷን ለብሳ ከብርድ ልብሱ ላይ ተጋድማለች። አልጋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ልቅራልሽ?» አላት። «ካልፈለግሽ ይቅር።»

ጣሪያውን እያየች አሰበች። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ጀመረ። ይሄን ሱራ ስንት ሺህ ጊዜ ቀርቶታል? ዛሬ ግን ፀሐይዋ ፀሐይ ነበረች፤ ስትጠቀለል አያት። ኮከቦቹ በጨለማው መስኮት በኩል እንደ በረዶ ረገፉ። ተራሮቹ ተነሥተው ሄዱ። ባሕሩ ፈላ። ስምንተኛውን ቀራ፤ ዘጠነኛውን ቀራ። ከዚያ ዝም አለ። የምትለውን አያውቅም፤ የሚያውቀው መጠበቅ እንዳለበት ብቻ ነው። ማሞቂያው ነፋ ነፋ አድርጎ ቆመ። በመንገዱ ላይ የበረዶ መጥረጊያ መኪና እያጉረመረመ አለፈ፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ አንድም ድምፅ አልቀረም።

«ምንም አላጠፋችም» አለች ሰልሰቢል፣ በአማርኛ።

ከዚያ ተነሥታ ኮቷን አወለቀች፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብታ እስከ አገጭዋ ሳበችውና «ቀጥል፣ ባባ» አለችው።